ፎቅ የሌለው ደረጃ

በትምህርት ቤቱ ሜዳ መሀል አንድ ደረጃ ቆሞ ነበር። ደረጃ ብቻ፤ ግድግዳ የለው፣ ክፍል የለው፣ ጣሪያ የለው። ከጥርብ ድንጋይ የተሠራ፣ ስሚንቶ እንደ ልቡ የጠጣ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስወጣ ደረጃ ከሣሩ ይነሣና ወደ ላይ ወጥቶ ወጥቶ፣ አንዲት ጠረጴዛ የምታህል ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ሲደርስ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ሰማይ ነው። የመንደሩ ሰው ይህን ነገር «ፎቁ» ይለዋል። «ከሰዓት ፎቁ ሥር ጠብቀኝ» ይባባላል። «ላሚቷ የታለች?» ሲባል «ፎቁን ተደግፋ ታመነዥካለች» ይባላል። እንግዳ ሰው ይህን ሰምቶ ፎቅ ፍለጋ ዓይኑን ሲያንከራትት ማየት ለልጆቹ የማይጠገብ ጨዋታ ነበር።

ያሠራው የመምህርቷ አባት ነው። ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ዳይሬክተሩ እሱ ነበር፤ ሰው ፊት ለፊት «ጋሼ» ይለዋል፣ ዞር ሲል ደግሞ «ባለፎቁ»። አንድ ጊዜ ለሥልጠና ከተማ ሄዶ ቤተ መጻሕፍቱ ላይኛው ፎቅ ላይ የሆነ ትምህርት ቤት አየና ሲመለስ እንቅልፍ አጣ። ወላጆችን ሰብስቦ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ሣለላቸው። ታች ክፍሎች፣ ላይ በአራቱም በኩል መስኮት ያለው ቤተ መጻሕፍት፤ ልጁ ከመጽሐፉ ቀና ሲል ከጉብታው ወዲያ ያለውን መንገድ እንዲያይ።

«ቤት ላይ ቤት?» አለ አንዱ። «ላይ ያለው በተራመደ ቁጥር ታች ያለው አቧራ ሊቅም ነው?»

ሳቁ። መዋጮ ሲባል ግን ሳቁ ቆመ። ያላየውን ነገር ማን ያዋጣለታል? ዳይሬክተሩ ሲያስብ ሰነበተና አንድ መላ ይዞ መጣ፤ ከደረጃው እንጀምር አለ። ፕላኑን ሊያይ የመጣው መሐንዲስ «ጋሼ፣ ሰው ቤቱን ሠርቶ ነው ደረጃ የሚያበጅለት» ብሎ ሊያስረዳው ቢሞክር፣ «ሰው መውጫውን ካየ፣ ይሄ ነገር ወዴት ነው የሚያወጣው ብሎ ራሱ ይጠይቃል» አለው።

ለጥቂት ጊዜ እውነቱን ነበር። በዚያ አካባቢ ደረጃ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ከስንት አንድ ነው። ገና ስሚንቶው በቅጡ ሳይደርቅ ሰው ተሰልፎ ወጣው። አሮጊቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወጡና፣ መውረዱ ሲያስፈራቸው በመቀመጫቸው እየተንሸራተቱ ወረዱ። ድንጋይ ያልተሸከመ ቤት አልነበረም፤ «ያቺ እንኳ የእኛ ናት» እያለ እያንዳንዱ የራሱን ድንጋይ በጣቱ ያሳያል። መዋጮውም ጎረፈ። ከዚያ ዝናብ የጠፋበት ዓመት መጣ። ከዚያ ሊደግፉ ቃል የገቡ እንግዶች መጡና ደረጃው ላይ ቆመው ፎቶ ተነሥተው ሄዱ፤ እንደሄዱ ቀሩ። ከዚያ ስሚንቶ የማይቀመስ ሆነ። በመጨረሻም አንድ ጠዋት ዳይሬክተሩ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሲናገር አፉ ወደ አንድ ወገን ተጣመመና ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት ወደቀ።

ከዚያ ሁሉ ዘመቻ የተረፈው አንድ ልማድ ነው። ማንበብ የቻለ ልጅ ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት ደረጃውን ይወጣና ጫፉ ላይ ቆሞ ታች ለተሰበሰበው ሰው አንድ ገጽ ያነባል። ታች የቆመው አብዛኛው ራሱ ማንበብ አይችልም፤ ልጁ ይሳሳት አይሳሳት የሚያውቅ የለም። የሚያውቀው ዳይሬክተሩ ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ልጁ ቢሳሳትም ባይሳሳትም ከታች ሆኖ የሚጮኸው አንድ ነገር ነው፤ «ድምፅህን ከፍ አድርግ! ታች አይሰማም!»

መምህርቷ ይህን ሁሉ የምታውቀው በወሬ ነው። ደረጃው ሲሠራ እሷ ዩኒቨርሲቲ ነበረች። ከዚያም ከተማ ሥራ ያዘች። አባቷ ሲታመም «ለአንድ መንፈቅ» ብላ መጣች፤ የዳይሬክተሩ ወንበር ባዶ ስለነበር አምጥተው እሷን አስቀመጡበት፤ መንፈቁም አላልቅ አለ። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ስብሰባ ላይ ነገሩን ከአያቱ ዘመን የሚጀምር ሰው ሲነሣ እግሯ ከጠረጴዛው ሥር መርገጥ ይጀምራል። ውሸትም አትወድም፤ ጊዜ ይፈጃል ትላለች።

ይሁን እንጂ በየምሽቱ ትዋሽ ነበር። አባቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ደረጃውን ሲያይ ይውልና፣ እሷ ስትገባ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ በከበደ ምላሱ ይጠይቃታል።

«መዋጮው?»

መጀመሪያ የጠየቃት ቀን ድካም አፍዝዟት ነበር። «እየመጣ ነው፣ አባዬ» አለችው። በማግሥቱ ትናንት ዋሽቼሃለሁ ብሎ መጀመር ከበዳትና «እየመጣ ነው» አለች። እንዲህ እየተባለ መዋጮው ወራት ሙሉ ሲመጣ ኖረ።

የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ተቆጣጣሪ የመጣው ዝናቡ ሊገባ ሲቃረብ ነው። ዐጠር ያለ፣ ጫማው ላይ ጭቃ እንዳይነካው እንደ ዶሮ እግሩን እያነሣ የሚራመድ ሰው። አሮጌው የታናናሾቹ ክፍል ገብቶ የኋላውን ግድግዳ በመዳፉ ነካ አደረገና፣ የጋለ ድስት እንደነካ ሰው እጁን መለስ አደረገ።

«እዚህ ልጅ አይቀመጥም» አለ። «ዝናቡ ሳይገባ ካልተጠገነ ትምህርት ቤቱ ይታጠፋል። ልጆቹ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ይዛወራሉ።»

«በዝናብ ጊዜ ወንዙን ማን ያሻግራቸዋል?»

«እሱ የእኔን ክፍል አይመለከትም።»

«ትልልቆቹ ይሻገራሉ። ትንንሾቹ ይቀራሉ፤ አንዴ ከቀሩ ደግሞ አይመለሱም።»

«መምህርት፣ እኔ ግድግዳ ነው ያየሁት» አለና እግሩን እያነሣ ሄደ።

ግንበኛውን አስጠራችው። ስሙን የሚያነሣው የለም፤ «ውኃ ልክ» ነው የሚሉት። ጠማማ ነገር ካየ አያስችለውም፤ ሰው ቤት እንግድነት ሄዶ እንኳ ጎንበስ ብሎ የጠረጴዛ እግር ሥር ጠጠር ሲሸጉጥ ይገኛል። ቱምቢውን ከግድግዳው አናት ለቀቀው። ክሩ ቀጥ ብሎ ወረደ፤ ግድግዳው ግን ክሩን ትቶት ወደ ኋላ፣ ከክፍሉ ጀርባ ወዳለው ተዳፋት ጋደል ብሏል። ውኃ ልክ ምላሱን እየመታ አየው።

«ምን ሆኖ ነው?» አለችው።

«ውኃ ነዋ። ከላይ ይወርድና መሠረቱን ሥር ሥሩን ይበላዋል።»

«ተዳፋቱ ዛሬ አልመጣ። ድሮስ ውኃ አልነበረም?»

ውኃ ልክ ቱምቢውን ቀስ ብሎ ይጠቀልል ጀመር። «ድሮማ ከኋላው መከታ ነበረው። እዚህጋ፤ ከጥግ እስከ ጥግ። ውኃውን ወደ ጎን ይመልሰዋል።»

«የት ሄደ ታዲያ?»

በአገጩ ወደ ሜዳው አሳያት። «ያውልሽ፣ ቆሟል።»

መምህርቷ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ደረጃውን አየች። ሁለት ሕፃናት ሦስተኛው እርከን ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ያወዛውዛሉ።

«የድንጋይ ማውጫው ሩቅ ነው፤ ሰው ደግሞ ቸኩሏል» አለ ውኃ ልክ፣ እሷን ሳያይ። «ጋሼ፣ ዓመት ሳይሞላ ይሄ አሮጌ ቤት ይፈርሳል፣ መከታው ማንን ሊመክት ነው አሉ። እኛም ነቃቀልነው። እየዘፈንን ነበር ደግሞ።»

«አንተ ግንበኛ አይደለህ? ምነው ተው አትለውም?»

«እኔማ ምን እላለሁ» አለ። «እኔም ፎቅ አምሮኝ ነበር።»

የወላጆች ስብሰባ በማግሥቱ የትልልቆቹ ክፍል ውስጥ ሆነ። ሰብሳቢው ባለወፍጮው ነው፤ ቅንድቡ ላይ የተኛውን ዱቄት አራግፎ የማይጨርስ ሽማግሌ። ጎልማሶቹ በልጆች አግዳሚ ላይ ጉልበታቸው ደረታቸውን ሊነካ ተኮራምተው ተቀመጡ። መምህርቷ ነገሩን ባጭሩ ተናገረች፤ ግድግዳው፣ ዝናቡ፣ ወንዙ። የሚያስፈልገው ጥርብ ድንጋይ ነው። ማውጫው ሩቅ ነው፤ መንገዱ ከተበላሸ ወዲህ መኪና አይገባም፤ ደመናው ደግሞ ጉብታው ላይ መጥቶ ተቀምጧል።

«ድንጋይስ…» አለ አንድ ሰው ከኋላ፤ አልጨረሰውም።

ማንም አልጨረሰለትም። ሁሉም መሬት መሬት አየ። የመምህርቷ እግር ከጠረጴዛው ሥር ይረግጥ ጀመር።

«ይነገር እንጂ!» አለች። «ፎቁን እናፍርሰው። ድንጋዩ ድሮም የግድግዳው ነው።»

አንዲት ሴት እጇን ሳታወጣ ተነሣች። «መምህርት፣ እኔ አልደብቅሽም። ልጄ እዚያ ላይ ቆሞ ሲያነብ አባቱ አለቀሰ። እናቱን ሲቀብር ያላለቀሰ ሰው።»

«ጉንፋን ነበር» አለ ባልየው ከጎኗ፤ ጥቂቶች ሳቁ።

ውኃ ልክ ጉሮሮውን ጠረገ። «የእኔዋ ልጅ ተራዋ ደርሶ ነበር። ይችን ቅዳሜ ብቻ ብንጠብቅ…»

«ዝናቡ ቅዳሜን ይጠብቃል?» አለች መምህርቷ። «መሬት ላይ ቆማ ታንብብ። ፊደሉ እንደሆነ አይለወጥም።»

ውኃ ልክ ተቀመጠ። እጅ አውጡ ተባለ፤ እጁን ያላወጣ አልነበረም። ማንም ግን ከትከሻው በላይ አላነሣም። ሰው መሄድ ሲጀምር ባለወፍጮው ጠረጴዛውን ተደግፎ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቃት።

«ልጄ፣ ለጋሼ ማን ይንገራቸው?»

ሊወጡ የነበሩት ቆሙ። ሁሉም እሷን አየ።

«እኔ» አለች፤ በሩን እኔ እዘጋዋለሁ እንደምትል ያህል ቀለል አድርጋ።

ቤት ስትገባ ንዴቷ አልበረደም ነበር። ልታፈነዳው ነው የገባችው። ለማታውቀው ፎቅ ብለህ የቆመውን ቤት አስበላህ ልትለው። አባቷ ግን ወንበሩ ላይ ሆኖ አንገቱን ወደ በሩ አዙሮ፣ ጤነኛው ግማሽ ፊቱ እየሳቀ ጠበቃት።

«ዛሬ… ሰው በዛ። ሜዳው ላይ። ለመዋጮው ነው?»

«አዎ» አለች። «ለመዋጮው ነው።»

ከዚያ ወደ ማዕድ ቤት ሄዳ ክዳን የማይፈልገውን ድስት ከደነች። አክስቷ፣ የአባቷ ታላቅ እህት፣ ሽንኩርት እየላጠች አየቻት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ወንድሟን ለማስታመም መጥታ እዚያው የቀረች ናት።

«አልነገርሽውም» አለች አክስቷ።

«ነገ እነግረዋለሁ።»

«ለምን ትነግሪዋለሽ? ላይኛውን ሊጀምሩ ነው በይው። መስኮቱን እንዘጋለን፣ ብርድ ገባ ብለን።»

«መስኮቱን ዘጋሽው እሺ፤ መዶሻውንስ፣ እትዬ?»

«መዶሻ ሲሠሩበትም ሲያፈርሱበትም ያው ነው የሚጮኸው» አለች አክስቷ፣ ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ። ሽንኩርቱ ነበር፤ ወይም አልነበረም። መምህርቷ አልጠየቀችም።

በማግሥቱም አልነገረችውም። በሦስተኛውም። ለውኃ ልክ «እኔ መጥቼ ጀምሩ ሳልል አንድ ድንጋይ እንዳትነካ» ብላዋለች። ስለምን ያን ያህል እንደምትፈራ ራሷን ስትጠይቅ የምታገኘው መልስ አናደዳት፤ የደረጃውን ነገር መንገር አልነበረም ያቃታት። ደረጃው ምክንያት አለው፤ ግድግዳ አለ፣ ልጆች አሉ፣ ክፉም ቢሆን ይነገራል። ምክንያት የሌለው መዋጮው ነው። ደረጃው ይፈርሳል ካለች፣ ያ ሁሉ ወር ሲመጣ የነበረው ነገር የት ገባ ሊላት ነው።

ጠዋት ነው። ከሰማዩ ግማሹ ጠቁሯል። መምህርቷ የአባቷን ጢም ልትላጨው አንገቱ ላይ ፎጣ አስራ፣ ፊቱን ሳሙና ቀብታ፣ የማይታዘዘውን ጉንጩን በአውራ ጣቷ ወጠር አድርጋ ይዛለች። ስጨርስ እነግረዋለሁ ብላለች፤ በዚህኛው ጊዜ የምሯን ነበር። ምላጩ ጉሮሮው ላይ እያለ ከሜዳው በኩል ድምፅ መጣ።

ጓ። ደግሞ፣ ጓ።

ውኃ ልክ ደመናውን አይቶ አላስችል ብሎታል።

እጇ ቆመ። አባቷ በሳሙናው መሀል ዓይኑን ከፈተ። ከታመመ ወዲህ እንዲያ ያለ ዓይን አላየችበትም።

«ጀመሩ?»

«አባዬ አትንቀሳቀስ፣ ምላጭ ይዣለሁ።»

«ጀመሩ?»

«ጀመሩ» አለች።

«ኮቴን… አምጪ። ከረባቱንም።»

ላጭታ ጨረሰችው። ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው። ኮቱን አመጣች። መጀመሪያ የታመመውን ክንድ ነው የሚያስገቡት፤ ይህን አክስቷ አስተምራታለች፤ ደኅናው ክንድ ራሱን ያስገባል። የከበደውን እጅ በእጅጌው ውስጥ ስባ ስታወጣ፣ ከመስኮቱ ወዲያ ድጅኖ ድንጋይ ከድንጋይ ሲፈለቅቅ ሰማች። ከረባቱን አሰረችለት፤ ተጣመመባት፤ ፈታ ደግማ አሰረችው። አክስቷ በሩ ላይ ቆማ በዓይኗ ተይ ትላታለች። ሦስተኛ ልትፈታው ስትል አባቷ በደኅናው እጁ እጇን ያዛት።

«በቃ። ይሁን። ወደ ውጭ… አውጪኝ።»

ያኔ ነገረችው። ፊት ለፊቱ ተንበርክካ፣ እጇ ከረባቱ ላይ እንዳለ።

«እየሠሩ አይደለም፣ አባዬ። እያፈረሱት ነው። እኔ ነኝ አፍርሱት ያልኩት። የታናናሾቹ ክፍል ግድግዳ ሊወድቅ ነው።»

አባቷ አላያትም። ልቡ የሚሰማው ድምፅ ላይ ነበር፤ አሁን ሌላ ሆኖ የሚሰማው ይመስላል።

«የኋላው?» አለ።

«የኋላው።»

ከደኅናው ዓይኑ ምንም አልወረደም፤ ከታመመው ግን ድሮም ውኃ ስለማይጠፋው ከምንም አይቆጠርም። «አውጪኝ» አለ ደግሞ።

«ምን ልታይ?»

«አውጪኝ አልኩሽ።»

ባለወፍጮውና አንድ ሌላ ሰው ተጠርተው ከነወንበሩ ተሸክመው አወጡት። ከረባቱ እንደተጣመመ ነው። ሜዳው ላይ ከወንበሩ ጋር ብቅ ሲሉ መዶሻው ሁሉ ቆመ። ድንጋይ የሚቀባበሉት ሰዎች በያሉበት ደረቁ፤ አንዱ የያዘውን ድንጋይ የሚያስቀምጥበት አጥቶ ደረቱ ላይ አቅፎት ቆመ። ልጅ ያነብበት የነበረው ጠፍጣፋ ቦታ ቀድሞ ተነሥቷል። ውኃ ልክ ድጅኖውን ይዞ ጫፉ ላይ ቆሟል፤ መውረድም መቆየትም አቅቶታል።

«ጋሼ» አለ ከላይ። «ይቅር ይበሉኝ።»

«ቀጥል» አለ ዳይሬክተሩ።

ማንም አልቀጠለም።

«መጀመሪያ… የኋላውን ሥሩ» አለ። ቃሉ እየተንጠባጠበ ነው የሚወጣው፤ ሰው ለመስማት ቀረብ ቀረብ አለ። «መከታውን። የወሰድነውን። ግድግዳው… ኋላ ይደርሳል። መከታው ከሌለ… ግድግዳውን ብትሠሩት… ደግሞ ይወድቃል።»

«እሺ ጋሼ።»

«በየዝናቡ… አስበው ነበር» አለ። ለማን እንደተናገረው አልታወቀም። አንገቱን ቀና ያደረገ ሰው አልነበረም።

ባለወፍጮው ዝምታ የሚከብደው ሰው ነውና፣ ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ የታችኛዋን እርከን ለመታሰቢያ እንተዋት?» አለ።

ዳይሬክተሩ ወደ ውኃ ልክ ቀና አለ። «ድንጋዩ… ይበቃል?»

«ሁሉንም ካነሣነው፣ ለጥቂት።»

«ታዲያ ምን ይተዋል ትለኛለህ?» አለው ባለወፍጮውን።

ሥራው ቀጠለ። ስሚንቶው ዋዛ አልነበረም፤ ዳይሬክተሩ ያኔ ለዘላለም ብሎ አስጠጥቶታል። ድንጋዩ ከድንጋይ ሲለያይ እያጉረመረመ ነው። «ይቺ የእኛ ነበረች» የሚል ድምፅ አንድ ሁለቴ ተሰማ፤ ከዚያ ያም ቀረ። መምህርቷ ከወንበሩ ጀርባ ቆማ ነበር። ፊቱን እንዳታይ ነው እዚያ የቆመችው። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ኮቱ ትከሻ ላይ ሲያርፉ ጎንበስ አለች።

«አባዬ፣ እንግባ። ዝናብ ነው።»

«መዋጮውስ?» አለ።

የኮቱን ኮሌታ ከፍ አደረገችለት።

«ስትይኝ የነበረው። እየመጣ ነው ያልሽኝ።»

«አልነበረም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ራሱን ነቀነቀ። መምህርቷ ያን ንቅነቃ ታውቀዋለች፤ ልጅ ሆና እሱ በሚያስተምርበት ክፍል ስትማር፣ የማያውቀውን ለሚቀባጥር ተማሪ ነበር የሚነቀንቀው። ተቀመጥ፣ በቃህ ማለት ነው። አይቆጣም፤ ሌላ ዕድል አይሰጥም፤ ወደሚቀጥለው ልጅ ያልፋል።

ያን ዕለት ከሰዓት ወንበሩን ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው አዙሩልኝ አለ። የለመነው አክስቷን ነው።

ዝናቡ ገባ፤ የገባውም እንደ ዕዳ ከፋይ ሳይሆን እንደ ወራሪ ነበር። ከተዳፋቱ የሚወርደው ውኃ መከታው ጋ ሲደርስ ይናደድና ዞሮ በጎን ይሄዳል። ግድግዳው ቆመ። ተቆጣጣሪው ቦት ጫማ አድርጎ ተመልሶ መጣ፤ ግድግዳውን በመዳፉ ነካው፤ በዚህኛው ጊዜ እጁን አልመለሰም። ልጆቹ አንዳቸውም ወንዝ አልተሻገሩም። ከክፍሉ መስኮት ሲታይ ሜዳው መሀል፣ ደረጃው የነበረበት ቦታ፣ ሣር ያልበቀለበት ጭቃ አለ፤ ዝናብ ሲያቆም ልጆች ይዘሉበታል።

ምሽት ምሽት መምህርቷ ትገባና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ በሩ ላይ ጥቂት ትቆያለች። አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳደረገ ነው። ውኃ ሲፈልግ ውኃ ይላታል፤ ሲበቃው በቃኝ ይላታል። ክፉ ቃል አልወጣውም። ያ በየቀኑ ሲያሳቅቃት የነበረ ጥያቄ ግን አልተመለሰም፤ እሷም ቦርሳዋን ታስቀምጣለች።

የውኃ ልክ ልጅ ከሁሉም ቀድማ ማንበብ የቻለች፣ ጥርሷ የወለቀ፣ ግትር ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ከክፍል ስትወጣ ቆማ ጠየቀች።

«መምህርት፣ ተራዬ መቼ ነው?»

«ነገ ሰልፍ ላይ አንብቢ።»

«መሬት ላይ?»

«መሬት ላይ። ምን ልዩነት አለው?»

ልጅቷ መጽሐፏን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ሄደች። በማግሥቱ ሰልፍ ላይ ስትጠራ አልወጣችም፤ ጓደኛዋን ተደግፋ ጫማዋን አየች። መምህርቷ ሁለቴ ጠርታ ተወቻት።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ልጅቷ ናት፤ ከነዝናቡ፣ መጽሐፉን ሹራቧ ሥር ሸጉጣ።

«ጋሼ አሉ?» አለች። አልጠበቀችም፣ ገባች። ከጓዳው በር አጠገብ የነበረውን በርጩማ ማንም ሳይሰጣት እየጎተተች ወንበሩ ዘንድ ወሰደች፤ ጫማዋን አወለቀች፤ ወጣችበት። መጽሐፉን ከፈተች።

ፊቱን ወደ ግድግዳው ያደረገውን ሰው ጀርባ እያየች ነው የምታነበው። መጀመሪያ ድምፁ ከጥርሷ ክፍተት የሚያልፍ ፉጨት ያህል ነበር። ስለ አንድ ወፍጮና ስለ አንዲት አህያ የሆነ ነገር ነው። መምህርቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ በልጅቷ እግር የገባውን ውኃ በጨርቅ ትጠርግ ነበር። መጥረጉን አቆመች።

ደኅናው እጁ ከወንበሩ መደገፊያ ላይ ተነሣ።

«ድምፅሽን… ከፍ አድርጊ» አለ አባቷ። «ታች አይሰማም።»

ልጅቷ ትንፋሿን ሳበችና ጮኻ ከመጀመሪያው ጀመረች።

ታች የነበረችው መምህርቷ ብቻ ነበረች። እርጥቡን ጨርቅ እንደያዘች ቀና ብላ ጠበቀች። ልጅቷ ገጹን ጨረሰች፤ መጽሐፉን ዘጋች፤ ከበርጩማው ወርዳ ጫማዋን አደረገች። ዳይሬክተሩ እጁን ቀስ ብሎ ወደ መደገፊያው መለሰው። አልዞረም።